ክሩ የማን ነው?

መርፌ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን እሱን ከረሳው ቆይቷል። ቀጭን ስለሆነና ልብስ ስለሚሰፋ ሁለቱንም በአንድ ቃል ገላገሉት። ከሆስፒታሉ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ አለችው። ከፊት የስፌት መኪናው፣ ከመሃል የመቁረጫ ጠረጴዛው፣ ከኋላ በመጋረጃ የተለየች ክፍልና ወደ ጓሮ የምታወጣ ትንሽ በር። ደረቷ ደካማ የሆነ እናቱ ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን ሰላም ትላለች። ሥራ አትሠራም፤ ወሬ ግን አያመልጣትም።

እጁ ጥሩ ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። ማንኛውንም ሥራ ሲጨርስ ሦስት አጫጭር ጥልፍ ጎን ለጎን ጥሎ ነው ክሩን የሚበጥሰው። ብዙው የሰፈሩ ልብስ ውስጡ ቢገለበጥ እነዚያ ሦስት ጥልፎች ይገኙበታል። ችግሩ አፉ ነበር። ደንበኛው ራሱ ወፍሮ መጥቶ «አጥብበህብኛል» ሲለው፣ «ልክ ነህ፣ አጥብቤዋለሁ» ብሎ ይፈታለታል። ሰው እንዳይቀየመው የማይለው ነገር የለም። ሰፈሩም ጨዋ ልጅ ይለዋል፤ እሱም ጨዋነት ይመስለው ነበር።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አንዲት ልጅ ከራሷ የሚበልጥ ጆንያ ተሸክማ ገባች። ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«መርፌ የምትባለው አንተ ነህ?»

«ይሉኛል።»

«እኔን ደግሞ በረኪና ይሉኛል። ስለዚህ አንሳሳቅ።»

እሱ ግን ሳቀ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ናት። ከእሷ ጋር የሚገባው ሽታ ስሟን ከእሷ ቀድሞ ይናገራል።

የአንዱ ክፍል አንሶላ ከሌላው እየተደባለቀ ተቸግረዋል። እያንዳንዱ አንሶላ ጥጉ ላይ የክፍሉ ክር እንዲደረግበት ተወስኗል። ለወላዶች ሰማያዊ፣ ለቀዶ ሕክምና አረንጓዴ፣ ለሕጻናት ቢጫ። ሦስቱን ጥልፍ በሰማያዊ ጥሎ አሳያት። ጠጋ ብላ አየችና መደርደሪያውን በአገጯ ጠቆመች።

«ቀዩስ?»

«ለእሱ ክፍል አልተገኘለትም።»

«ምስኪን፣ ሥራ ፈት ሆኖ ቀረ በለኛ።»

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ሲሆን መርፌ ጠዋት ይላጫል። እናቱ አይታ እንዳላየች ትሆናለች። ልጅቷ አንሶላውን እየቆጠረች ስታስረክበው እጇን ያያል። ውሃና በረኪና የሰነጣጠቀው፣ ጥፍሩ የነጣ እጅ ነው። ሊይዘው ይፈልጋል፤ አይይዘውም። እሷም እንደሚፈልግ ታውቃለች፣ ቆጠራውን ሆን ብላ ትሳሳትና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። በሦስተኛው ወር ላይ «በርዬ» ብሎ ጠራት። ከዚያ ስም እንዲህ ያለ ቁልምጫ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ቀሚስ ሊሰፋላት ለካት። ሜትሩን በትከሻዋ ላይ ሲዘረጋ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ስንት ሴት ለክቶ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን መጻፍ ረስቶ ሁለቴ ለካት።

«ሰው እንዲህ እየለካህ ነው የምትሰፋው?» አለችው።

«አንቺን ብቻ።»

ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ነው የሰፋላት። ስትቀበለው ፊቱን እንኳ ሳታይ ገለበጠችው።

«እኛ ልብስ የምናየው ከውስጥ ነው» አለች።  ከኮሌታው ሥር፣ ማጅራት የሚነካው ቦታ ላይ፣ ሦስት አጫጭር ቀይ ጥልፍ ነበረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ክፍልሽ ነው። ሌላው ቀለም ሁሉ የሆስፒታሉ ነው። ቀዩ ያንቺ ብቻ ነው፣ ለማንም አልሰጠውም።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

እጇን የያዘው ያን ቀን ነው። በአራት ወር ውስጥ ሊጋቡ ተስማሙ። እናቱም አልከፋትም። «ንጹሕ ልጅ ናት፣ ከሩቅ ሳሙና ሳሙና ትላለች» ብላ ለጎረቤት አወራች።

በሽታው የመጣው በዚህ መሃል ነው። መጀመሪያ የሬዲዮ ወሬ ነበር፣ የሌላ አገር ጉዳይ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አምቡላንሱ ድምፁን ሳያሰማ ዳገቱን ወጣ። ሆስፒታሉም ከጀርባ ያለውን ሕንጻ በገመድ አጠረው። በነጋታው ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆነ። ዳቦ ሻጩ ጠረጴዛውን ወደ ማዶ አሻገረ። ሾፌሮች ሆስፒታሉ በር ላይ «ወራጅ» ሲባሉ እልፍ ብለው ነው የሚያቆሙት። ነፋሱ ከዳገቱ ሲወርድ መስኮት ይዘጋል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚባለውን ማን ሰምቶት፣ ሁሉም የሰማው ላይ የራሱን ይጨምርበት ጀመር። የሆስፒታል ሠራተኛ ሰላምታ ሲሰጥ ሰው በአገጩ ብቻ ይመልሳል፤ አውቶቡስ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው መውረጃው ድንገት ይደርሳል።

መርፌም የሰፈሩን ፊት አይቶ ፈራ። «ጆንያውን በጓሮ በር አምጪው» አላት።

«ለምን?»

«እማዬ ደረቷን ታውቂው የለ። ደንበኞቹም… ለጊዜው ነው።»

አየችውና በጓሮ በር ወጣች። ለጠየቀው ሁሉ «የሆስፒታሉን ሥራ ትቻለሁ፣ ይኼ የሆቴል አንሶላ ነው» እያለ ይመልስ ጀመር። እናቱ እንኳ የሆቴል ነው ብላ ታምናለች።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። መጋረጃው ጀርባ ቆማ ጆንያውን በእግሯ ገፋችለት።

«አዲስ ነው፣ ሰው አልተኛበትም። ለተዘጋው ሕንጻ ነው።» የመጋረጃውን ጫፍ ያዘች። «ቀይ ይሁን ብለዋል።»

እሱ መደርደሪያውን አየ። ያልተያዘ ሌላ ቀለም አልነበረም።

«ሌላ ክር ልግዛ።»

«ወረቀቱ ላይ ጽፈውታል፣ አለቀ። ቀይ ያለበት ለብቻው ይቀቀላል፣ ለብቻው ይሰጣል። እንዳይደባለቅ ነው።»

«እንግዲያው ያንቺን ልፍታው። ቀሚሱን አምጪው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«አትፍታው» አለች። «ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። በሽታው ሌላ ክር ይፈልግ።»

ሳቀች፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም። እሱም ብትስቅለት ደስ አለውና ነገሩን ተወው። ስንት የተሰፋ ነገር የፈታ እጅ፣ ያን ሦስት ጥልፍ ሳይፈታ ቀረ።

ምስጢር ዳገት ላይ አይቆይም። አንዷ ወላድ ሰማያዊውን ክር አይታ ጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቀች፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ስለ ቀዩ ነገረቻት። ወሬው ሰፈር ሲደርስ ቀይ ክር የነካ ሰው ሰባት ቀን አይሞላውም ተባለ። ሰው ኮሌታውንና ዘምዘማውን ይገለብጥ ጀመር። አንዱ ሹራቡ ላይ ቀይ አገኘና አጥር አሻግሮ ወረወረው፤ እናቱ ናት የሠራችለት። መርፌም ቀዩን ክር ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛው ሥር ከጆንያው ጋር ሸሸገው።

ለመጋባት ከተስማሙ ወዲህ ልጅቷ የምትኖረው ከሱቁ ፊት ለፊት ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ በሚላቸው ሴት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ። እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ትኩስ ዳቦ ሲገዙ ለእሷም አንድ ይጨምሩላት ነበር። ነገር ግን የእትዬ ባል ሳል ጀመረው። አንድ ሌሊት ሳለና በነጋታው ከአልጋ አልወረደም።

ረፋድ ላይ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ፍራሿ መንገድ ላይ ነበር። ድስቷ፣ ጫማዋ፣ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ውሃ ሰማያዊው ቀሚስ። ሰው ዙሪያውን ክብ ሠርቶ ቆሟል፣ ማንም ግን አይጠጋም። እትዬ በዱላ ቀሚሱን አንስተው ነበር፣ ተገልብጦ ተንጠልጥሏል።

«ኑ እዩ። ጉዷን እዩ። ቀይ ክር» አሉ። «የሬሳ ልብስ ሰርቃ ስትለብስ ነው የከረመችው። ይኼው ባሌን ጣለችው።»

መርፌ ድምፁን ሰምቶ ደጃፍ ወጣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። እናቱ ከበርጩማው ተነስታ ክንዱን ይዛለች።

ልጅቷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ዞር ብላ አየችው፣ ፊቷም ፈታ አለ። አዎ፣ ፈታ አለ። እሱ እዚያ ስላለ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሏት ነበር።

«እሱን ጠይቁት» አለች። «እሱ ነው የሰፋው።»

ክቡ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እትዬ ዱላውን ከቀሚሱ ጋር ወደ እሱ ዘረጉ።

«መርፌ፣ ጨዋ ልጅ ነህ፣ አትዋሽም። ይኼ ያንተ ሥራ ነው?»

ከጀርባው ጠረጴዛው ሥር ስድሳ አንሶላ ነበረ፣ ጥጋቸው ላይ ያው ሦስት ቀይ ጥልፍ። ክሩ የኔ ነው ቢል፣ ከየት አመጣኸው ይባላል። ይገባሉ፣ ይፈትሻሉ፣ ያገኛሉ። ሱቁ ያልቅለታል። እናቱ ክንዱን ትጨምቀዋለች። ይህን ሁሉ አሰበ። አይ መርፌ፣ ሰው እንዳይቀየመው ብሎ የማይለው ነገር የሌለው ሰው፣ ያን ቀን ማንን ለማስደሰት እንዳሰበ ዛሬም አያውቀውም።

«ቀሚሱን ሰፍቻለሁ» አለ።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፣ ቀጥል እንደማለት።

«ክሩን ግን አላውቀውም።»

 እሷ እያየችው ነው። ንዴት ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ንዴት አልነበረም። ያስረከበችው ዕቃ ጎድሎ ስታገኝ እንደምታደርገው፣ ተሳስቼ ይሆን ብላ እንደገና የምትቆጥር ነበር የምትመስለው። ከዚያ ቆጠራዋን ጨረሰች።

«ይቃጠል» አለ አንዱ።

«እሳት ከየት?» አሉ እትዬ።

የመለሰችው የመርፌ እናት ናት፣ በዚያው በለስላሳ ድምጿ። «ካውያው ግሏል አይደል፣ ልጄ? ፍሙን አምጣላቸው።»

ገባ። የከሰል ካውያውን በጨርቅ ይዞ ወጣ። ክዳኑን ከፈተና ፍሙን ቀሚሱ ላይ ገለበጠው። መጀመሪያ ኮሌታው ተያያዘ። እጁ፣ ያ ጥሩ እጁ፣ ምንም አልተንቀጠቀጠም።

«በረኪና፣ ሂጂልን» አለ ከክቡ አንዱ። እሷም አሁንም ዓይኗን ከመርፌ ላይ አልነቀለችም። አንድ ነገር እንዲል የሰጠችው የመጨረሻ ዕድል ነበር። እሱም ተናገረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በረኪና፣ ሂጂ በቃ።»

በርዬ አላላትም። ፍራሹን ትታ ሳጥኑን ብቻ አንስታ ዳገቱን ወጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት፣ በጣም ሰፊ መንገድ።

የእትዬ ባል በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር። ጉንፋን ነበር። ሰው ሁሉ አየው፣ «እግዜር ማረህ» አለው፤ ዳገቱን ወጥቶ ለልጅቷ የነገራት ግን የለም።

አንሶላውን ከዚያ ወዲያ የሚያመጣው የሆስፒታሉ ዘበኛ ነበር፣ በጓሮ በር። ልጅቷ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ታድራለች አለው፣ ሌላ አልጨመረም። መርፌ ቀይ ይሰፋል፣ ቀይ ይሰፋል።  አንድ ቀን ከአንሶላዎቹ አንዱን አነሳና በቀዩ ክር ሦስት ቃል ጻፈበት፦ ክሩ የኔ ነው። ከዚያ ጥጉን አጠፈው፣ ላዩን ዘመዘመው፣ ማንም እንዳያየው። እሷ ግን ታገኘዋለች፤ እሷ ልብስ የምታየው ከውስጥ ነው። ከሌሎቹ መሃል ከቶ ላከው።

አንድ ሳምንት ጠበቀ፣ ሁለት፣ አምስት። መልስ አልመጣም።

በሽታው እንደ አመጣጡ ሄደ። ከሰፈሩ አንድም ሰው አልሞተም። ከሆስፒታሉ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ፣ ሁለቱ ከልብስ ማጠቢያ። መርፌ ይህን ሲሰማ መቀሱን ጥሎ ሮጠ። የስም ዝርዝሩ የሆስፒታሉ በር ላይ ተለጥፏል። ሦስት ጊዜ አነበበው፤ እሷ የለችበትም። ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕጻን አለቀሰ።

በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፣ ቀሚስ ይዞ። ያው ልክ፣ ያው ውሃ ሰማያዊ። ሦስቱን ቀይ ጥልፍ ግን ከኮሌታው ውጪ ነበር የጣላቸው፣ ከሩቅ የሚታይ ቦታ ላይ። ዘበኛው አስጠራለት። መጣች። ጸጉሯ አጥሯል፣ ከስታለች፣ እጇ እስከ ክርኗ ነጥቷል። ከብረት በሩ ወዲያ ቆመች።

«ደህና ነሽ?»

«አለሁ።»

«አንሶላው… ደርሶሽ ነበር?»

«ደርሶኛል። ዘምዘማውን ፈትቼ አነበብኩት።» ወደ ማጠቢያው ክፍል ዞር ብላ አየች። «አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስትታመም ያን አንሶላ አነጠፍኩላት። ለእሷ የሚሆን ጥሩ ነገር ሌላ አልነበረኝም። እዚያው ላይ ሞተች። ከዚያ አቃጠልነው።»

«በርዬ…»

«ያንንም አጥፈህ ደብቀህ ነው የሰፋኸው።»

ቀሚሱን በብረቶቹ መሃል ዘረጋላት። «ይኸው፣ አሁን ውጪውን ነው። ለሰው ሁሉ እነግራለሁ። ክሩ የኔ ነው።» ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «ክሩ የኔ ነው።»

ዘበኛው ቀና አለ። ሁለት ሰዎች በመንገዱ አለፉ፣ ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም።

«አሁን ማን ጠየቀህ?» አለችው።

እየሰደበችው አልነበረም። የምር ነበር የጠየቀችው።

«ያኔ እትዬ ጠይቀውህ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔም ቆሜ ነበር። አሁን ማን ጠየቀህ?»

 እሷ ቀሚሱን በአንድ ጣቷ ነካችው፣ ከውስጥ በኩል፣ እንደ ልማዷ። እወደው ነበር አለች፣ ቀሚሱን ይሁን እሱን አልለየችም። ከዚያ እጇን መለሰች።

«ውሃው ይፈላብኛል፣ ልግባ።»

«በርዬ፣ በሞቴ።»

«በረኪና ነው ስሜ» አለችና ገባች።

ከወር በኋላ ሲጠይቅ ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተዛውራለች አሉት። የትኛው እንደሆነ ዘበኛው አላወቀም፣ ወይም አውቆ አልነገረውም። ቀሚሱ ዛሬም መጋረጃው ጀርባ ተሰቅሏል። ለእሷ ልክ የተሰፋ ነውና ለሌላ ሰው አይሆንም።

ዳቦ ሻጩ ወደ ጥንት ቦታው ተመለሰ። ሰው ደግሞ ስለ ሆስፒታል ሠራተኞች ሲያወራ ጀግኖች ይል ጀመር። ብርድ ሲመጣ እትዬ ቁልፉ የላላ ካፖርት ይዘው ወደ መርፌ ሱቅ ገቡ። እሱ መርፌውን ክር ሲያስገባበት ቆመው ያዩት ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ» አሉ። «ያ ቀይ ክር። የምርህን ያንተ አልነበረም?»

እጁ አየር ላይ ቆመ። ይኸው፣ የሚጠይቀው ሰው መጣ።

«የኔ ነበር፣ እትዬ።»

«እኔስ ምን አልኩ» አሉ፣ ጭራሽ ሳይደነግጡ። ካፖርቱን ገልብጠው ከገበሩ ሥር ሦስት አጫጭር ጥቁር ጥልፍ አሳዩት። «ይኼን እጅ አጥቼው ነው? ዱላው ላይ ሳንጠለጥለው ነው ያወቅኩት።»

«ካወቁማ ለምን ጠየቁኝ?»

«የኔ ነው እንድትል ነዋ።» ድምፃቸው ወረደ። «ሰው ፊት ጀምሬው መመለሻ አጣሁ። ዕቃዋን አውጥቼ፣ ተሳስቻለሁ ልበል? አንተ አንዲት ቃል ብትል እኮ፣ ልጁ ነው የሰፋላት ብዬ ፍራሿን እኔው ራሴ ተሸክሜ አስገባላት ነበር። አንተን ነበር የምጠብቀው።»

መርፌ ቁልፉን ሰፋ። አራት ጊዜ አዞረበት፣ ሦስቱን ጥልፍ ሊጥል ሲል ተወው፣ ክሩን እንዲሁ በጠሰው።

«ጠበቀ?» አሉ እትዬ።

«ጠብቋል» አለ።